ሦስት ሕፃናት ስለሚይዝ መኪና
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር ኮሚቴው ጠርቶ «በዘንድሮው ስብሰባ ለአባላት የሚጠቅም አንድ ነገር ተናገር» ባለኝ ጊዜ ስለ መዝገብ አያያዝ የምናገር መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ስለ መኪና ነው የምናገረው አልኋቸው። ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፤ መኪና የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ሳገለግል የመሥሪያ ቤቱን መኪና የነዳጅ ወጪ ጻፍሁ እንጂ መሪ ነክቼ አላውቅም። ይሁን እንጂ ከአምና ወዲህ በአንድ ጉዳይ ብዙ ደክሜያለሁ። ጉዳዩም ብዙ ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተ ሰብ ምን ዓይነት መኪና ቢገዛ ወይም ቢከራይ ልጆቹ በደኅና ይጓዛሉ የሚል ነው። የደከምሁበትን ብነግራችሁ ልጅና የልጅ ልጅ ላለው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በለቅሶ ነው። አምና ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ለመድረስ አንድ ሚኒባስ በኮንትራት ይዘን ከዚህ ከሉማሜ ተነሣን። ልጄ ከአዲስ አበባ መጥታ ስለ ነበር ሦስቱም ልጆቿ አብረውን ነበሩ። ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መካከለኛዋ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጨቅላው ገና አራት ወሩ ነበር። ጨቅላው በእናቱ ጀርባ በአንቀልባ ታዝሏል፤ ትልቁ በሁለት ሰዎች መካከል ተሸጉጧል፤ መካከለኛዋ በእኔ ጭን ላይ ነበረች። እንደዚህ ስንጓዝ የኖርን ስለ ሆነ ማንም ምንም አላለም። አምበርን ሳንደርስ ጭድ የጫኑ አህዮች ድንገት ወደ መንገዱ ገቡ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ልጅቱ ከእጄ ሙልጭ ብላ ወጥታ ከፊት ለፊታችን ካለው መቀመጫ ብረት ጋር ተላተመች። ቅንድቧ ተተረተረ። አራት ቦታ ተሰፋች።

ሾፌሩን አልወቅሰውም። በዝግታ ነበር የሚነዳው፤ ፍሬን ባይዝ ኖሮ አህዮቹንም ባለቤታቸውንም ይደፈጥጥ ነበር። ልጅቱን የለቀቃት የእኔ እጅ ነው። አጥብቄ ይዣት ነበር፤ ይህን ቤተ ሰቦቼ ሁሉ ያውቃሉ፤ ሆኖም ለቀቅኋት።

እንደምታውቁት የዕድራችንን መዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ማታ ቤት ገብቼ ቁጭ ስል መዝገቡ ከመደርደሪያው ላይ ታየኝ። በዚያ መዝገብ ላይ የስንት ልጅ ስም ጽፌያለሁ። የእርሷን ስም በየትኛው ገጽ እጽፈው እንደ ነበር አሰብሁ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሌሊት አልናገርም።

በማግሥቱ የፊዚክስ መምህር የሆነ የጎረቤታችንን ልጅ «ጉልበቴ ደክሞ ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የለም፣ አባባ፤ ጎረምሳም ቢሆን አይችልም» አለኝ። ወረቀት አውጥቶ አሰላልኝ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ ውስጡ ያለው ያልታሰረ ሰው የሚያገኘው ምት ከ10 ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። 10 ሜትር ማለት አንድ የደረሰ ባሕር ዛፍ ነው። 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድስ ብለው 25 ሜትር ነው አለኝ። እኔ ከ50 እስከ 80 ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስለኝ ነበር፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ምቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 12 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ከሦስት ኩንታል በላይ ትከብዳለች። ሦስት ኩንታል ጤፍ በጭኑ ይዞ የሚያስቀር ሰው በዚህ አዳራሽ ካለ እጁን ያውጣ።

እናቶች ስለ አንቀልባ እንዳትቀየሙኝ እለምናለሁ። እኔም በአንቀልባ ነው ያደግሁት። ለእግር መንገድ፣ ለገበያ፣ ለቤት ሥራ ከአንቀልባ የሚሻል የለም። በመኪና ውስጥ ግን ልጅ አዝሎ መደገፍ ማለት መኪናው በተጋጨ ጊዜ የእናቲቱ ክብደት በሙሉ ሕፃኑን ከመቀመጫው ጋር ያጣብቀዋል ማለት ነው። ልጁን ጭን ላይ አድርጎ አንዱን ቀበቶ ለሁለት መታጠቅም እንደዚሁ ነው፤ ቀበቶው ልጁን ይጨፈልቀዋል። ይህን ሳውቅ እውነቱን ለመናገር ደነገጥሁ፤ እኛ ጥንቃቄ ነው ብለን የምናደርገው ነበርና።

መድኃኒቱ ለልጁ ለብቻው የተሠራ መቀመጫ ነው። ያላያችሁት ስለምትኖሩ ልግለጸው። የራሱ መደገፊያና የትከሻ ማሰሪያ ያለው ትንሽ ወንበር ነው፤ ወንበሩ በመኪናው መቀመጫ ላይ በመኪናው ቀበቶ ይታሰራል፤ ልጁ ደግሞ በወንበሩ ውስጥ ይታሰራል። ዛሬ በየመኪናው ያለውን በትከሻና በወገብ የሚያልፈውን ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ ፋብሪካ የሠራው ኒልስ ቦሊን የሚባል የስዊድን መሐንዲስ ነው። በ1964 ደግሞ በርቲል አልድማን የሚባል ሌላ ስዊድናዊ ሐኪም የጠፈር ተጓዦች በጀርባቸው ተደግፈው ሲወነጨፉ አይቶ፣ ሕፃንም ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ቢቀመጥ ምቱን በጀርባው በሙሉ ይቀበለዋል ብሎ አሰበ፤ መቀመጫም ሠራ። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፤ አንገቱ ገና አልጠናም፤ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ቢቀመጥ ራሱ ወደ ፊት ይወረወራል። ስለዚህ ጨቅላ ቢያንስ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ቢቆይ ደግሞ የተሻለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እነዚህ የልጅ መቀመጫዎች በመኪና አደጋ የሚደርሰውን የጨቅሎች ሞት እስከ 71 በመቶ ሊቀንሱ ይችላሉ።

ከዚያ አደጋ በኋላ አማቼ መኪና መግዛት አለብኝ ብሎ ቆረጠ። እኅቱ ከአሜሪካ ስትመጣ ሁለት የልጅ መቀመጫ ይዛ መጣች፤ ለትልቁም ከሥሩ ተቀምጦ ከፍ የሚያደርገው ዱካ መሳይ መቀመጫ ከአዲስ አበባ ተገዛ። እኔም ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ሄጄ ስለ ነበር መኪና ፍለጋው ላይ አብሬ ዞርሁ። የልብስ ሰፊ ሜትር በኪሴ ይዤ ነበር የምዞረው።

በመጀመሪያ ያየነው ቪትዝ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ቪትዝ ይወዳል፤ ነዳጅ አትበላም፤ መለዋወጫዋም አይጠፋም። ሦስቱን የልጅ መቀመጫዎች ቀደም ብዬ ለክቼ ነበር፤ የጨቅላው 44 ሴንቲ ሜትር፣ የመካከለኛዋ 46፣ የትልቁ 42፣ በድምሩ 132 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የቪትዟን የኋላ መቀመጫ ስለካ ከበር እስከ በር 121 ሆነ። ደላላው እኔን እያየ «አባት፣ ቀሚስ ሊሰፉላት ነው እንዴ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አማቼ ግን አልሳቀም። «ለአምስት ሰው ነው የተባለችው፤ ሦስት ልጅ እንዴት አትችልም?» አለኝ። አምስት ሰው ትችል ይሆናል፤ ሦስት መቀመጫ አትችልም። ሰው ይጠጋጋል፤ ወንበር አይጠጋጋም።

ቀጥሎ ኮሮላ አየን። ከውጭ ስታዩዋት ሰፊ ናት። ከውስጥ 128 ሆነች፤ አራት ሴንቲ ሜትር ጎደለ። «ገፋ ገፋ ብናደርገውስ?» አለ አማቼ። መቀመጫዎቹን አምጥተን ሞከርነው። ሁለቱ ገቡ፤ ሦስተኛው በሩ አልዘጋ አለ። በዚያ ላይ የመካከለኛው ቦታ ቀበቶ ወገብ ብቻ የሚያስር ነበር። ትልቁ ልጅ የሚቀመጥበት ዱካ ደግሞ ትከሻ የሚያልፍ ቀበቶ ከሌለ ዋጋ የለውም፤ ዱካው የተሠራው ቀበቶው ከልጁ አንገትና ሆድ ወርዶ በትከሻውና በጭኑ ላይ እንዲያርፍ ነውና። ሌላም ችግር አየን። የጨቅላው ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ ስለሚዞር ወደ ፊት ብዙ ቦታ ይወስዳል፤ ከሹፌሩ ጀርባ ሲቀመጥ የአማቼ ጉልበት ከመሪው ጋር ተጣበቀ። እርሱ ረጅም ሰው ነው።

አንዱን ጋቢና ይቀመጥ ያሉን ነበሩ። ይህ አይሆንም። ከፊት ያለው ኤር ባግ የሚባለው ከረጢት በግጭት ጊዜ እንደ ጥይት ነው የሚፈነዳው፤ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የጨቅላ ወንበር ከፊቱ ካለ ይገድለዋል። ልጅ ከኋላ ነው የሚቀመጠው።

አንድ ዘመዳችን ደግሞ ለገጠር መንገድ የሚሆነው ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ነው ብሎ መከረን። እኔ ያን መኪና ከመሥሪያ ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጭቃ የሚበግረው አይደለም። የኋላ መቀመጫው ግን ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያይ አግዳሚ ነው። የልጅ መቀመጫ ወደ ጎን በሚያይ አግዳሚ ላይ አይታሰርም። ስንት ዓመት በዚያ አግዳሚ ላይ ሰው ልጅ ይዞ ሲሄድ አየሁ። ደብል ጋቢና ፒክ አፕም አየን፤ እርሱም እንደ ኮሮላዋ ሁለት ወንበር ነው የቻለው።

ዋጋውን አታንሡት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ታክሱን ከፍ አደረገ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ወርቅ ሆነ። በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት መካከል አይዲ 6 የሚባለው የፎልክስዋገን መኪና ባለ ሦስት ረድፍ ነው፤ ልጆቹን እንደ ልብ ይችል ነበር፤ እኛ ግን ዋጋውን ጠይቀን ሻይ ጠጥተን ነው የተመለስነው።

በመጨረሻ የተገዛው ባለ ሦስት ረድፍ አሮጌ ቶዮታ አቫንዛ ነው። ሰባት ሰው ይይዛል። ከመግዛታችን በፊት ሦስቱንም ወንበሮች ይዘን ሄድን፤ ባለ መኪናው ተቆጣ፤ አማቼ «እነዚህ ካልታሰሩ ብር አልከፍልም» አለው። እኔ እንደ ቢሮ ሥራ በወረቀት ላይ የመቀመጫ ንድፍ አወጣሁ። መጀመሪያ ሁለቱን ወንበሮች በመካከለኛው ረድፍ ግራና ቀኝ አሰርናቸው። ልክ ነው አልን። ትልቁ ልጅ ወደ ኋላው ረድፍ ሊገባ ሲል ግን መንገድ የለም፤ ወንበር የታሰረበት መቀመጫ አይታጠፍም። ይህን በወረቀት ላይ አላየሁትም ነበር። ፈትተን እንደ ገና አሰርን። ጨቅላው በመካከለኛው ረድፍ በግራ በኩል፣ እናቱ በቀኝ በኩል ከአጠገቡ፤ መቀመጫዋ ስለሚታጠፍ መግቢያው ክፍት ሆነ። ትልቁና መካከለኛዋ ከኋላ። የአራቱም ቦታ ቀበቶ በትከሻ የሚያልፍ ነበር፤ አንድ በአንድ ስበን አየነው፤ አንደኛው ተበልቶ ስለ ነበር ባለ መኪናው እንዲቀይረው አስደረግን።

ጉድለትም አላት። የመጨረሻው ረድፍ ከኋላው በር ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና ቢገጨን እያልሁ እስከ ዛሬ እሰጋለሁ። ሦስቱ ረድፎች በሙሉ ሲዘረጉም ለዕቃ የሚተርፍ ቦታ የለም። ለፋሲካ መጥተው ሲመለሱ ባለቤቴ ኩንታል ጤፍ አዘጋጅታ ጠበቀች። «ይህን የሚያህል መኪና ገዝታችሁ አንድ ኩንታል አትችልም?» ብላ ተቆጣች። ግማሹ ጣራው ላይ ተጫነ፤ ግማሹ እስከ ዛሬ ቤቴ ነው። የአባይን ዳገትም ስንወጣ አቫንዛዋ በሁለተኛ ማርሽ ነው ያቃሰተችው። የበረሃውን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ከሺህ ሜትር በላይ ነው የሚወረደው፤ መታጠፊያው ብዙ ነው። ቀድሞ ልጆች ይዘን ስንወርድ በየመታጠፊያው ግራና ቀኝ ይንከባለሉ ነበር። ያን ቀን ግን ሦስቱም በየወንበራቸው ነበሩ። መካከለኛዋ መጀመሪያ አልታሰርም ብላ ስታለቅስ ቆይታ ድልድዩን ሳንሻገር እንቅልፍ ወሰዳት። ጋቢና ተቀምጬ ዞር እያልሁ የቅንድቧን ጠባሳ ሳይ ነበር የተጓዝሁት።

አስተሳሰሩን በሚመለከት ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ወንበሩ ከታሰረ በኋላ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ የሚወዛወዝ ከሆነ አልጠበቀም። የልጁ የትከሻ ማሰሪያ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ የሚያዝ ከሆነ ላልቷል። የእኛ አገር ብርድ ስለ ሆነ ልጅ በጋቢ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው፤ ከጋቢ በላይ የታሰረ ማሰሪያ ጠብቋል ሲባል በግጭት ጊዜ ጋቢው ይሟሽሽና ልጁ ያመልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ልጁን ማሰር፣ ጋቢውን ከላይ ማልበስ ነው። ትልቁ ልጅ ደግሞ ቁመቱ አንድ ሜትር ከአርባ አምስት ገደማ እስኪደርስ ድረስ ከዱካው አይወርድም። የእኛው ልጅ «ትልቅ ሰው ነኝ» ብሎ አስቸግሯል፤ አባቱ በግድግዳ ላይ መስመር አስምሮለት በየወሩ ይለካል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ከዚህ ከተሰበሰብነው መካከል መኪና ያለው በጣት የሚቆጠር ነው። ስለ አቫንዛ ምን አገባን የሚል አይጠፋም። እኛ የምንጓዘው በኮንትራት ሚኒባስ ነው። ሆኖም ኮንትራት የሚይዝ ሰው ያን ቀን ባለ መኪና ነው። ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት በሩን ከፍተን የኋላውን ቀበቶ እንቁጠር። እኔ ባለፉት ወራት እዚህ መናኸሪያ ቆመው ካየኋቸው ሚኒባሶች በብዙዎቹ የኋላ ቀበቶ ወይ ተቆርጧል፣ ወይ ከመቀመጫው ሥር ተቀብሯል፤ በሚታጠፉት መቀመጫዎች ላይም ቀበቶ አላየሁም። ቀበቶ ያለበት ቦታ በመጀመሪያ የልጅ ነው። ትልልቆቻችን ብንበዛ ሁለተኛ መኪና እንያዝ ወይም ቀሪው ሰው ይቅር። ለቅሶ መድረስ ግዴታችን ነው፤ ሕፃናትን ሁሉ ጭኖ መድረስ ግን ግዴታ አይደለም።

አንድ ሐሳብ ደግሞ ለጉባዔው አቀርባለሁ። ዕድራችን ድንኳን አለው፤ ወንበር አለው፤ ብረት ድስትና ሣህን አለው። ማንም ብቻውን ገዝቶ የማያኖረውን በጋራ ገዝተን እናውሳለን። ሦስት የልጅ መቀመጫ፣ ይኸውም አንድ የጨቅላ፣ አንድ የመካከለኛ፣ አንድ ዱካ ብንገዛ፣ ከድንኳኑ ጋር በዕቃ ቤታችን ቢቀመጥ፣ መንገድ የሚሄድ አባል በፊርማ ወስዶ ቢመልስ ምን ይመስላችኋል? አጠባበቁን እኔ እይዛለሁ። ከማናውቀው ሰው አሮጌ መቀመጫ አንገዛም፤ አደጋ የደረሰበት ወንበር ከውጭ ደኅና ቢመስልም ሁለተኛ አይሠራም። የሚያበቃበት ጊዜም ከጀርባው ይጻፋል፤ ከዚያ በላይ አንጠቀምበትም።

ይህን ሐሳብ አስቀድሜ ለአንዳንድ ሽማግሌዎች አማክሬ ነበር። አንደኛው «እኛ በበቅሎ ላይ በእናታችን እቅፍ አደግን፤ ማን ታሰረ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ በቅሎ ግን 80 ኪሎ ሜትር አትሮጥም። ሌላው የበለጠ ከባድ ነገር ነው ያሉኝ። «የዕድር ሥራ መቅበር ነው፤ የዕድር ገንዘብ ለቀብር የተዋጣ ነው» አሉ። ደንባችንን አንብቤዋለሁ፤ የጻፍሁትም እኔ ነኝ፤ ገንዘቡን በጉባዔ ውሳኔ ለአባላት ጥቅም ማዋል ይቻላል ይላል። የልጅ ቀብር ወጪ በመዝገባችን ላይ ትንሽ ነው፤ ይህን ሒሳብ የምሠራው እኔ ስለ ሆንሁ አውቀዋለሁ። ትንሽ በመሆኑ ግን አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ውሳኔው የጉባዔው ነው። እስከዚያው የጨቅላው ወንበር ጠቦት ስለ ነበር ልጄ ለእኔ ትታልኛለች፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእኛ እጅ የነበረ፣ አደጋ ያላየ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ሚኒባስ ያላችሁም ብትሆኑ መኪናችሁን በር ላይ አቁማችሁ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። ሜትሩም አለ።